ዘሩ ነው ወይስ መሬቱ?
የልጆች አእምሮ ለሽልማት የሚሰጠው ምላሽ ከዕድሜ ጋር ስለሚለወጥበት ሁኔታ

በዋግ ኽምራ ደጋማ ክፍል፣ በጋዝጊብላ ወረዳ፣ በአስከተማ የሚማሩ ሁለት ልጆችን በሐሳባችን እንያዝ። ሁለቱም የ8 ዓመት ልጆች ናቸው። አንድ እንግዳ ሰው ወደ ትምህርት ቤታቸው መጥቶ፣ «አሁን አንድ ብስኩት መውሰድ ትችላላችሁ፤ ተመልሼ እስክመጣ ከጠበቃችሁ ግን ሁለት እሰጣችኋለሁ» አላቸው እንበል። አንደኛው ልጅ ጠበቀ። ሁለተኛው ግን እንግዳው በሩን ዘግቶ እንደ ወጣ ብስኩቱን በላ። ስለ ሁለተኛው ልጅ ምን እንበል? ትዕግሥት የለውም እንበል? ተፈጥሮው ነው እንበል? ወይስ ላደረገው ነገር በቂ ምክንያት ይኖረው ይሆን?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። መምህሩ «ይህ ልጅ ችኩል ነው» ብሎ ከደመደመ ተስፋ ሊቆርጥበት ይችላል። ተመራማሪው ደግሞ የብዙ ልጆችን ውጤት ደምሮ «የዚህ ዘር ልጆች እንዲህ ናቸው፤ የዚያ ዘር ልጆች ግን እንዲያ ናቸው» ብሎ ከጻፈ ፍርዱ ከአንድ ልጅ አልፎ በሕዝብ ላይ ያርፋል። የልጆች አንጎል ለሽልማት የሚሰጠው ምላሽ ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ፣ ለውጡም በዘር ይለያይ እንደ ሆነ የሚጠይቁ ጥናቶች በተለይ በአሜሪካ ይካሄዳሉ። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጥናት ሲያጋጥመን እንዴት ልናነበው እንደሚገባ፣ ዋግ ኽምራን መነሻ አድርገን እንመለከታለን።

ሽልማት በአንጎል ውስጥ

ለሽልማት የሚሰጥ ምላሽ ስንል አንድ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ሲጠብቅ፣ ሲያገኝ ወይም ሲያጣ በአንጎሉና በጠባዩ ላይ የሚታየውን ለውጥ ማለታችን ነው። ሽልማቱ ምግብ፣ ገንዘብ፣ ምስጋና ወይም የጓደኛ ፈገግታ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ እናብራራው። አባቷ ከሰቆጣ ገበያ ሲመለስ ሳታስበው ዳቦ ያመጣላት አንዲት ልጅ በጣም ትደሰታለች። በየገበያው ቀን ዳቦ ማምጣቱን ከቀጠለ ግን ደስታዋ ከዳቦው ወደ ምልክቱ ይሸጋገራል፤ አባቷ ከሩቅ ብቅ ሲል ገና ልቧ ይዘላል፤ ዳቦው ሲደርስ አዲስ ነገር የለውም። አንድ ቀን ባዶ እጁን የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ያዘነችው ዳቦ ስላልበላች ብቻ ሳይሆን የጠበቀችው ስለ ቀረ ነው።

ቮልፍራም ሹልትዝ የተባሉት የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ በዝንጀሮዎች ላይ ያዩት ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳት ዝንጀሮው ያልጠበቀው የፍራፍሬ ጭማቂ ሲሰጠው በኃይል ይሠራሉ። ጭማቂው ሁልጊዜ ከመብራት በኋላ የሚመጣ መሆኑን ከተማረ በኋላ ሕዋሳቱ የሚነቁት ለጭማቂው ሳይሆን ለመብራቱ ነው። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ሥራቸው ለቅጽበት ከመደበኛው በታች ይወርዳል። ሹልትዝ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ እነዚህ ሕዋሳት የሚለኩት በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ሆነ አስረድተዋል።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። አንጎል ለሽልማት የሚሰጠው ምላሽ በሽልማቱ መጠን ብቻ የሚወሰን አይደለም። ልጁ ከዚያ በፊት ባየው፣ ባገኘውና ባጣው ነገር ይወሰናል። እያንዳንዱ ልጅ ወደ ሙከራው ክፍል የሚገባው የራሱን የገበያ ቀናት ይዞ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ምላሽ በልጆች ላይ የሚለኩበት አንዱ መንገድ በራስ ቅል ላይ በሚደረጉ ኤሌክትሮዶች የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ መመዝገብ ነው። ልጁ በኮምፒውተር ላይ ከሚታዩ ሁለት በሮች አንዱን ይመርጣል፤ ትንሽ ገንዘብ ማግኘቱ ወይም ማጣቱ ይነገረዋል። ውጤቱ ከታየ ከ250 እስከ 350 ሚሊ ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ማግኘትና ማጣት የተለያየ ሞገድ ያስከትላሉ። የልዩነቱ ስፋት የልጁ የሽልማት ምላሽ መለኪያ ሆኖ ይወሰዳል። ሌላው መንገድ በኤም.አር.አይ. መሣሪያ የአንጎልን የደም ፍሰት መከታተል ነው። ሦስተኛው በመግቢያችን እንዳየነው ልጁ አሁንን ወይም በኋላን እንዲመርጥ ማድረግ ነው። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮችን የሚለኩ ስለ ሆነ የአንዱን ውጤት ለሌላው ማዋል ስሕተት ነው።

ዕድሜ ሲጨምር ምን ይለወጣል?

በኔዘርላንድ ከ8 እስከ 27 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 299 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። ተሳታፊዎቹ በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተመርምረዋል። ኑክሊየስ አኩምበንስ የተባለው በአንጎል ጥልቅ ክፍል የሚገኝ አካል ገንዘብ ሲገኝ የሚያሳየው ምላሽ ከልጅነት ወደ ጉርምስና ይጨምራል፤ ከዚያም ወደ ጉልምስና ሲደርስ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር መስመሩ ተራራ ይመስላል። ጥናቱ ይህን ምላሽ ከዕድሜ ቁጥር ጋር ብቻ ሳይሆን ከአካላዊ ጉርምስናና ከቴስቶስቴሮን ሆርሞን ጋርም አያይዞታል። ይህን ነጥብ በኋላ ስለምንፈልገው ልብ እንበለው።

ሎረንስ ስታይንበርግና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ11 አገሮች ከ10 እስከ 30 ዓመት ያሉ ከ5,000 በላይ ሰዎችን አጥንተዋል። ከአገሮቹ መካከል ቻይና፣ ሕንድ፣ ኮሎምቢያ፣ ዮርዳኖስ፣ ስዊድንና ጎረቤታችን ኬንያ ይገኙባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ታተመው ውጤት አዲስና ቀስቃሽ ነገር የመፈለግ ዝንባሌ ወደ 19 ዓመት ገደማ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ራስን የመግዛት ችሎታ ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ያድጋል። በየአገሩ ዝርዝሩ የተለያየ ቢሆንም አጠቃላይ ቅርጹ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የጉርምስና ዕድሜ የስሜት ጉልበት ከመሪው ቀድሞ የሚያድግበት ጊዜ መሆኑ የአንድ ሕዝብ ብቻ ጠባይ አይደለም።

«ዘር» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአማርኛ «ዘር» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ይሸከማል። ገበሬው በመሬት ላይ የሚበትነው እህል ዘር ነው። የአንድ ቤተሰብ ትውልድም ዘር ይባላል። ብሔረሰብንም፣ ጥቁርና ነጭ የሚባለውንም በዚሁ ቃል እንጠራዋለን። በዚህ ምክንያት «የዘር ልዩነት ተገኘ» የሚል ዐረፍተ ነገር ስንሰማ ልዩነቱ በደም የሚወረስ መስሎ ይሰማናል። በአሜሪካ ጥናቶች ውስጥ ግን ዘር የሚባለው ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ በቅጽ ላይ የሞላው አንድ ሣጥን ነው።

ሣጥኑ ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ በቀላሉ ማየት ይቻላል። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ ሄደው በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንድ ልጅና አያት ቅድመ አያቶቹ በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰዱ ሌላ ልጅ በቅጹ ላይ «ጥቁር» በሚለው አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። የሁለቱ ቤተሰቦች ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ምግብና የዘር ሐረግ የተለያየ ነው። ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ ካጠኑት የሰው ልጅ የዘረ መል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል የሚገኝ መሆኑን አሳይተዋል። ከሁሉም ክፍለ ዓለማት ይልቅ ሰፊው የዘረ መል ልዩነት ያለው ደግሞ በአፍሪካ ነው።

ሌዎንቲን ያስተማሩት አንድ ምሳሌ ለእኛ አገር ገበሬ እንግዳ አይሆንም። ከአንድ ጎተራ የወጣ፣ በውስጡ የተለያየ ዓይነት የተደባለቀበት ገብስ እንውሰድ። ግማሹን ለም በሆነ ማሳ፣ ግማሹን ደግሞ አፈሩ ታጥቦ ድንጋይ ብቻ በቀረበት ተዳፋት እንዝራ። በለሙ ማሳ ውስጥ አንዱ አገዳ ከሌላው ቢበልጥ ልዩነቱ ከዘሩ ሊሆን ይችላል። በተዳፋቱ ላይም እንዲሁ ነው። በሁለቱ ማሳዎች አማካይ ቁመት መካከል የሚታየው ልዩነት ግን ከመሬቱ የመጣ ነው፤ ዘሩ ከአንድ ጎተራ ወጥቷልና። በአንድ ቡድን ውስጥ ውርስ ሚና መጫወቱ በሁለት ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት የውርስ ነው ለማለት አያስችልም።

አንድ የስሌት ምሳሌ

ይህንኑ በቁጥር እንሞክረው። ቁጥሮቹ ለትምህርት ያህል ያስቀመጥናቸው እንጂ ከጥናት የተወሰዱ አይደሉም። ቡድን ሀ እና ቡድን ለ እያንዳንዳቸው 100 ልጆች አሏቸው። በሁለቱም ቡድኖች ምግብ በየዕለቱ በተረጋገጠበት ቤት ከሚያድጉ 100 ልጆች 80ዎቹ ሁለተኛውን ብስኩት ይጠብቃሉ። ምግብ ባልተረጋገጠበት ቤት ከሚያድጉት 100 ልጆች ግን የሚጠብቁት 30 ናቸው።

አሁን ከቡድን ሀ 80 ልጆች፣ ከቡድን ለ ደግሞ 20 ልጆች ብቻ ምግብ በተረጋገጠበት ቤት ያድጋሉ እንበል። ከቡድን ሀ የሚጠብቁት 64 ሲደመር 6፣ ማለትም 70 ልጆች ይሆናሉ። ከቡድን ለ 16 ሲደመር 24፣ ማለትም 40 ልጆች ይሆናሉ። ሠንጠረዡን የተመለከተ ሰው «70 ለ40! ቡድን ለ ትዕግሥት የለውም» ሊል ይችላል። ነገር ግን ምሳሌውን ስንሠራ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ምንም ዓይነት የጠባይ ልዩነት አላስገባንም። ያስገባነው የቤት ልዩነት ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ ላይ «ዘር» የሚለው ርእስ «ምሶብ» የሚለውን ቃል ሸፍኖታል።

ከትሪኒዳድ እስከ ካሜሩን

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በኋላ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት የጣፋጭ ሙከራ ስማቸው የታወቀው ዋልተር ሚሼል ሥራውን የጀመሩት በትሪኒዳድ ደሴት ነበር። በደሴቲቱ የሚኖሩ አፍሪካዊና ሕንዳዊ ዝርያ ያላቸው ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው «እነሱ ለዛሬ ብቻ ይኖራሉ»፣ «እነሱ ገንዘብ ያከማቻሉ እንጂ መኖር አያውቁም» ሲባባሉ ይሰሙ ነበር። ሚሼል ከ7 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን ትንሽ ከረሜላ ዛሬ ወይም ትልቅ ከረሜላ ከሳምንት በኋላ እንዲመርጡ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1958 እንደ ታተመው በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት ታየ። ይሁን እንጂ ምርጫው አባት በቤት ከመኖሩና ካለመኖሩ ጋር በጉልህ የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ሚሼልም ጥያቄውን ከዘር ወደ እምነት አዞሩት፤ ልጁ ቃል የገባለት ሰው ቃሉን ይጠብቃል ብሎ ያምናልን?

ሴሌስት ኪድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ጥያቄ በቀጥታ ፈተነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 28 ልጆች ከጣፋጩ ሙከራ በፊት ሥዕል እንዲሠሩ ተደረገ። ሙከራ አድራጊዋ ለሁሉም የተሻለ የሥዕል መሣሪያ እንደምታመጣ ነገረቻቸው። ለ14ቱ ልጆች ቃሏን ፈጸመች፤ ለ14ቱ ግን «ይቅርታ፣ የለም» ብላ ባዶ እጇን ተመለሰች። ከዚያ የጣፋጩ ሙከራ ተጀመረ። ቃል የተፈጸመላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲጠብቁ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ጠበቁ። እስከ 15ኛው ደቂቃ የቆዩት ከመጀመሪያዎቹ 9፣ ከሁለተኛዎቹ 1 ልጅ ነበሩ። እንግዲህ የልጆቹ ተፈጥሮ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው በፊታቸው የቆመችው ሰው ታማኝነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ታይለር ዋትስና ባልደረቦቻቸው ከ900 በላይ የአሜሪካ ልጆችን መረጃ መርምረው፣ በ4 ዓመት የታየ ትዕግሥት በ15 ዓመት የሚገኝ የትምህርት ውጤትን የመተንበይ ኃይሉ ቀድሞ ከተነገረለት ግማሽ ያህል መሆኑን አሳዩ። የቤተሰብ ሁኔታና የልጁ የቀድሞ ችሎታ ወደ ስሌቱ ሲገባ ደግሞ ከዚያ ሁለት ሦስተኛው ጠፋ። በዚያው ዓመት ቤቲና ላምና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት በካሜሩን የንሶ ገበሬዎች ልጆችን ከጀርመን ከተሞች ልጆች ጋር አነጻጸረ። ሁሉም የ4 ዓመት ልጆች ነበሩ። ሁለተኛውን ሽልማት የጠበቁት ከንሶ ልጆች 70 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ ከጀርመን ልጆች 30 በመቶ ያህሉ እንኳ አልሞሉም። ሀብታም አገር የተወለደ ሁሉ ታጋሽ፣ ድሃ ገበሬ ሁሉ ችኩል ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን ያያያዙት ከልጅ አስተዳደግ ባህል ጋር ነው።

ስለ አንጎል ራሱ ምን ይባላል? በሩማንያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ በከባድ እጦት የሕይወታቸውን መጀመሪያ ያሳለፉና በኋላ በእንግሊዝ ቤተሰቦች የተወሰዱ ልጆች በጉርምስና ዕድሜያቸው በኤም.አር.አይ. ተመርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው አንጎላቸው ሽልማትን ሲጠብቅ የሚሰጠው ምላሽ የደከመ ነበር። ናታሊ ዱሞርኔና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ በአሜሪካ ከ9 እስከ 10 ዓመት ያሉ ከ9,000 በላይ ነጭና ጥቁር ልጆችን ይመለከታል። በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች መጠን ላይ አነስተኛ ልዩነት ታይቷል። ልዩነቱ ግን ልጆቹ ከደረሰባቸው ችግር፣ በተለይም ከቤተሰብ ገቢ ጋር የተያያዘ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ከዘር የመጣ የሚመስል ሐሰተኛ ገጽታ ብለውታል።

ወደ ዋግ ስንመለስ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ አስከተማው ልጅ እንመለስ። በዋግ ምድር «ነገ» የሚለው ቃል ምን ትርጉም አለው? በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የዋግና የላስታ ገበሬዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ኮረም ተጉዘዋል። ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር ረኃቡ በበረታ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ36 ወር በታች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ከ20 ዓመት በኋላ ሲያጠኑ፣ በረኃቡ የተጎዱት አድገውም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያጠሩ ሆነው አግኝተዋቸዋል። በኋላም ጦርነቱ ወደ ዞኑ ሲደርስ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ትምህርትም ተቋረጠ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በዞኑ ቆላማ ወረዳዎች ድርቅ ገባ።

እንዲህ ባለ አገር ያደገ ልጅ ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ሰምቶ ያድጋል። አንዱ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለዋል። ሌላው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ያስጠነቅቀዋል። ሁለቱም ጥበብ ናቸው። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው የተሰጠው ተስፋ በእርግጥ የሚፈጸም መሆኑ ነው። ብስኩቱን ወዲያው የበላው ልጅ የሰማይ ላም ብዙ ጊዜ የታየችው ልጅ ሊሆን ይችላል። ለእርሱ አሁን መብላት የአእምሮ ድካም ሳይሆን ካለፈው ሕይወቱ የተማረው ትክክለኛ ስሌት ነው።

የዞኑ ዋና ከተማ የሰቆጣ ስም ዛሬ ከልጆች ዕድገት ጋር ተያይዞ ይነሣል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ይፋ ያደረገው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማጥፋት ያለመ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ ሲሆኑ በ2016 ወደ 38 በመቶ ወርደዋል። በአማራ ክልል ግን በዚያው በ2016 ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር። በ16 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣው ዘር አይደለም፤ የሕዝብ ዘረ መል በዚህ ፍጥነት አይለወጥምና።

መቀንጨር ማለት ዕጣ ፈንታ ማለት እንዳልሆነም እንጨምር። በጃማይካ ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ የቀነጨሩ ሕፃናት ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ የጤና ሠራተኛ እየጎበኘቻቸው እናቶች ከልጆቻቸው ጋር በጨዋታ እንዲነጋገሩ ታስተምር ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚህ ልጆች እንዲህ ያለ ክትትል ካላገኙ የቀነጨሩ እኩዮቻቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር።

በጋዝጊብላ ጥናት ቢካሄድ

ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ ወደፊት የጋዝጊብላን ልጆች ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ልጆች ጋር በዚህ ጉዳይ ለማነጻጸር ብትነሡ፣ ከመሣሪያው በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ያስፈልጋችኋል።

አንደኛ፣ ዕድሜ። ጥናቱ ከዕድሜ ጋር ስለሚመጣ ለውጥ ከሆነ ዕድሜው ትክክል መሆን አለበት። የልደት ምዝገባ በአገራችን በአዲሱ ሕግ መሠረት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ የገጠር ልጆች ዕድሜ የሚታወቀው በግምት ነው። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ስሕተት ደግሞ የተራራውን ጫፍ ከቦታው ያነሣዋል።

ሁለተኛ፣ ጉርምስና። የምግብ እጥረት ጉርምስናን ያዘገያል። ስለዚህ በዕድሜ እኩል የሆኑ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች በአካል እድገት እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ከላይ እንዳየነው የሽልማት ምላሽ ከጉርምስና ጋር የተያያዘ ነው። በመሆኑም አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው መስመር ጥቂት ዘግይቶ ሲመጣ «የተለየ ለውጥ» መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የሽልማቱ ዋጋና ረኃብ። ቁርስ ላልበላ ልጅ አንድ ብስኩት ቁርስ ነው፤ ቁርሱን ለበላ ልጅ ግን ጨዋታ ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሽልማት መስጠት አንድ ዓይነት ሙከራ ማድረግ አይደለም።

አራተኛ፣ ቋንቋ። ከዋግ ኽምራ ልጆች ብዙዎቹ በቤታቸው የሚናገሩት ኽምጣና ነው። «ብትጠብቅ ሁለት እሰጥሃለሁ» የሚለው ቃል ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ካልተነገረው የምንለካው ትዕግሥቱን ሳይሆን የቋንቋ ችሎታውን ነው።

አምስተኛ፣ መሣሪያው ራሱ። የተለመዱት የአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ ኤሌክትሮዶች በጥቅጥቅና በጠጉራም ራስ ላይ በደንብ አይቀመጡም። በዚህ ምክንያት አፍሪካዊ ጠጉር ያላቸው ሰዎች ከጥናት ሲቀሩ ወይም መረጃቸው ሲጣል ኖሯል። አርኔል ኤትየን የተባለች ተመራማሪ በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከባልደረቦቿ ጋር መላ ፈጠረች። ጠጉሩ በሹሩባ ይሠራል፤ በጉንጉኖቹ መካከል በሚታየው ቆዳ ላይ በሹሩባው የሚያዙ ኤሌክትሮዶች ይቀመጣሉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ሹሩባ ለሚያውቅ አገር ይህ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ጉድለቱ የመሣሪያው እንጂ የራሱ አልነበረምና።

ስድስተኛ፣ እምነት። ሙከራ አድራጊው ለልጁ እንግዳ ነው። ቃል ገብተው ሳይመለሱ የቀሩ እንግዶችን ያየ መንደር አዲሱን እንግዳ በጥርጣሬ ያያል። ስለዚህ ከሙከራው በፊት ቃል ገብቶ መፈጸም የጥናቱ አካል መሆን አለበት።

እነዚህ ስድስቱ ከተሟሉ በኋላም በሁለት ቡድኖች መካከል ልዩነት ሊቀር ይችላል። ሊቀር መቻሉን አንክድም። የቀረውንም ቢሆን «ዘር» ብሎ ከመሰየም በፊት ገና ያልለካነው ነገር ምን እንደ ሆነ መጠየቅ የሳይንስ ሰው ግዴታ ነው።

ማጠቃለያ

የልጆች አንጎል ለሽልማት የሚሰጠው ምላሽ ከልጅነት ወደ ጉርምስና ከፍ ብሎ በኋላ የሚበርድ መሆኑ በሰው ልጅ ዘንድ በሰፊው የሚታይ ነው። የመስመሩ ከፍታና ጊዜ ግን በምግብ፣ በጉርምስና፣ በቤት ሁኔታ፣ በአስተዳደግና በተፈጸሙና ባልተፈጸሙ ተስፋዎች ይለያያል። «የዘር ልዩነት» የሚል ርእስ ሲያጋጥመን ስለ ዘሩ ከመፍረዳችን በፊት መሬቱን እንመርምር። መምህር ለመሆን የምታስቡም ብስኩቱን ቶሎ የሚበላ ተማሪ ሲያጋጥማችሁ ትዕግሥትን በቃል ከማስተማራችሁ በፊት አንድ ትንሽ ነገር ቃል ግቡለት፤ በተባለውም ቀን አምጡለት። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ አድርጉ። ከዚያ በኋላ የሚያሳየው ትዕግሥት ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ስለ እርሱ ብዙ ይነግራችኋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በስሌቱ ምሳሌ ውስጥ ከቡድን ሀ እና ከቡድን ለ እኩል 50 ልጆች ምግብ በተረጋገጠበት ቤት ቢያድጉ ኖሮ ከየቡድኑ ስንት ልጆች ይጠብቁ ነበር?

2. በኪድ ሙከራ ውስጥ ልጆቹ በዕጣ ለሁለት ባይከፈሉ ኖሮ ውጤቱ ስለ እምነት አስረጂ ሊሆን ይችል ነበርን? ለምን?

3. ከዘንድሮ የ12 ዓመት ልጆችና ከዘንድሮ የ16 ዓመት ልጆች የተሰበሰበ መረጃ፣ አንድን ልጅ ከ12 እስከ 16 ዓመቱ በመከታተል ከሚገኝ መረጃ በምን ይለያል? በድርቅ ወይም በጦርነት ጊዜ የተወለዱ ልጆችን እያሰባችሁ መልሱ።

4. በአካባቢያችሁ ስለ አንድ ብሔረሰብ ወይም መንደር ሰዎች ጠባይ የሚባል ነገር አለን? ያንን አባባል ለመፈተን በቅድሚያ ምን ምን ነገሮችን ትለካላችሁ?